ኪቱን ጨረስኩ፣ የራሴን ነገር ልስራ ስል ግን ሁሉም ተበላሸ

ብልጭታ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ እንዳትሰለቹብኝ።

አርዱዪኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ያለበትን የጀማሪ ኪት (የመለማመጃ ዕቃዎች ስብስብ) ይዤ ከመመሪያው ጋር ትምህርቶቹን አንድ በአንድ ሰራኋቸው። ኤልኢዲ ማብራት፣ በተን፣ ፖቴንሽዮሜትር፣ ብርሃን የሚለካው ሬዚስተር፣ ርቀት የሚለካው ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር፣ ሰርቮ ሞተር (በታዘዘበት ማዕዘን ላይ የሚቆም ሞተር)። ኮዱን ገልብጬ ስጭነው ያልሰራልኝ ትምህርት የለም ማለት ይቻላል። ደስ ብሎኝ ነበር። ጉዱ የመጣው መመሪያውን ዘግቼ የራሴን ነገር ልስራ ስል ነው።

የፈለግኩት ቀላል ነገር ነው። እጅ ሲጠጋው ክዳኑን ራሱ የሚከፍት የቆሻሻ መጣያ። ከካርቶን ሰራሁት። ኤችሲ-ኤስአር04 (ያ ርቀት የሚለካው ሴንሰር) ከፊት ለፊት፣ ኤስጂ90 ሰርቮ ከክዳኑ ስር፣ ክዳኑ ሲከፈት ቀስ እያለ የሚደምቅ አንድ ኤልኢዲ፣ እና ሳጸዳው ክዳኑን ክፍት አድርጎ የሚያቆይልኝ አንድ በተን። ሁሉንም ለየብቻ ሰርቻቸዋለሁ። ስለዚህ ኮዶቹን አንድ ላይ ለጣጠፍኳቸውና ጫንኩት።

ክዳኑ መነሳት ይጀምርና መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከላፕቶፑ ነቅዬ በአራት ማዕዘኗ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሳደርገው ጭራሽ ባሰበት። በተኑ ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም። ኤልኢዲው ደግሞ ቀስ ብሎ መድመቁን ትቶታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን ይሰራ ነበር።

አንደኛ፣ ምኑ ነው የተበላሸው? ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ሁለተኛ፣ ከኪት ወደ ራስ ስራ እንዴት ነው የሚታለፈው? ኢኤስፒ32 ወይም ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባሉትን ሌሎች ቦርዶች ልግዛ? ወይስ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ የኤሌክትሮኒክስ ቲዎሪ ላንብብ?

ሽቦዎቹ እንዲህ ናቸው፦ ሰርቮ ፒን (የቦርዱ መሰኪያ) 9፣ ኤልኢዲ ፒን 10 በ220 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ)፣ የሴንሰሩ ትሪግ (ድምፅ የሚያስልከው እግር) 7፣ ኤኮ (መልሱን የሚያመጣው እግር) 8፣ በተን 2። የሰርቮውም የሴንሰሩም ፕላስ ከቦርዱ 5 ቮልት ነው።


ዜሮ ቮልት፦

እህቴ፣ ቦርድሽ ደህና ነው። ሦስት የተለያዩ ችግሮች አንድ ላይ ስለመጡብሽ ነው ግራ የገባሽ። እኔ የመጀመሪያውን ልናገር፣ የቀረውን ሌሎች ይሞሉበታል።

ያ ብልጭ ብልጭ ያልሽው ነገር ሁሉንም ይናገራል። ፒን 13 ላይ ያለችው መብራት ኡኖ ሲነሳ ቶሎ ቶሎ ትበራለች። ስለዚህ ቦርድሽ ስራው መሃል ላይ ሪሴት እያደረገ (እንደገና ከዜሮ እየተነሳ) ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሴትአፕ (ቦርዱ ሲነሳ አንዴ የሚሰራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ በሲሪያል «ተነሳሁ» ብሎ የሚጽፍ አንድ መስመር ጨምሪ። ሲሪያል ሞኒተሩን (ቦርዱ የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታይበትን መስኮት) ክፈቺና እጅሽን አስጠጊ። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር «ተነሳሁ» ከተደገመ ኮዱን ተይው፣ ችግሩ ኃይል ነው።

ሰርቮ ያለ ጭነት ሲዞር ብዙ አይበላም። ኪቱ ላይ የሰራልሽ ለዚህ ነው፣ የሚያዞረው ያቺን ነጭ የፕላስቲክ ክንድ ብቻ ነበር። ክዳን ሲሸከም ግን፣ በተለይ ከቆመበት ሲነሳ፣ ለአፍታ ብዙ መቶ ሚሊአምፔር ይስባል። ዩኤስቢ 2.0 ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፣ ኡኖ ላይም በዚያው ልክ የተቀመጠ ፊውዝ አለ። ቀጫጭኖቹ ጃምፐር ሽቦዎችና የብሬድቦርዱ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቀዳዳዎች ደግሞ የራሳቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ 5 ቮልቱ ለቅጽበት ቁልቁል ይወርዳል። ቺፑ ቮልቴጅ ሲያንሰው ሪሴት ያደርጋል፣ ሪሴት ሲያደርግ ሰርቮው ይለቃል፣ ሰርቮው ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ቦርዱ ይነሳል፣ እጅሽ አሁንም እዚያው ስላለ ክዳኑን እንደገና ሊያነሳ ይሞክራል፣ እንደገና ይወድቃል። የምታይው መንቀጥቀጥ ይሄ ዙር ነው።

ባለ 9 ቮልቷ ባትሪ የተሰራችው እንደ ጭስ ማንቂያ ትንሽ ትንሽ ለሚበላ ዕቃ ነው። አቅሟ 500 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ቢሆን ነው። ብዙ ከረንት ስትጠየቅ ቮልቴጇ ይወርዳል። በዚያ ላይ 9ኙን ወደ 5 የሚያወርደው የቦርዱ ሬጉሌተር ልዩነቱን በሙቀት ነው የሚያባክነው። 4 ቮልት በ0.3 አምፔር ሲባዛ 1.2 ዋት ነው፣ ለዚያች ሚጢጢ ቺፕ ብዙ ነው። ለሞተር ያቺን ባትሪ እርሻት።

ለሰርቮው የራሱን 5 ቮልት ስጪው። 1 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ይበቃል። ወይም አራት የሚሞሉ ድንጋይ ባትሪዎች በተከታታይ፣ 4.8 ቮልት ይሰጡሻል። የሰርቮው ቀይ ሽቦ ወደ አዲሱ ፕላስ፣ ቡኒው ወደ አዲሱ ማይነስ፣ ብርቱካናማው እንደነበረ ፒን 9 ላይ። ከዚያ የአዲሱን ማይነስ ከአርዱዪኖው ግራውንድ (ማይነስ) ጋር አገናኚ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው። ካላገናኘሽ ከፒን 9 የሚመጣው 5 ቮልት ከምን አንጻር 5 እንደሆነ ለሰርቮው አይታወቅም፣ ይንዘፈዘፋል ወይም ፈጽሞ አይነቃነቅም። ፕላሶቹን ግን አታገናኚ።

ሰርቮው አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ብትጨምሪ ጥሩ ነው፣ ባለ 10 ወይም ባለ 16 ቮልት። ጎኑ ላይ ሰንበር ያለበት እግር ማይነስ ነው። ገልብጠሽ እንዳትሰኪው፣ ሊፈነዳ ይችላል።


ፒን 13፦

ዜሮ ቮልት የኃይሉን ጨርሶታል፣ እኔ ኤልኢዲውንና በተኑን ልያዝ።

ኤልኢዲው ቀላል ነው። ኡኖ ላይ የሰርቮ ላይብረሪ ከቺፑ ሦስት ታይመሮች (የውስጥ ጊዜ ቆጣሪዎች) አንዱን ይወስዳል። የፒን 9 እና 10 ፒደብሊውኤም (ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ድምቀት የሚቀይረው ዘዴ) የሚሰራው ደግሞ በዚያው ታይመር ነው። ስለዚህ ሰርቮ ካለ በእነዚህ ሁለት ፒኖች አናሎግራይት (ፒደብሊውኤምን የሚያዘው ትእዛዝ) የለም፣ ሰርቮው የትኛውም ፒን ላይ ይሰካ። ኤልኢዲውን ወደ ፒን 6 አዛውሪው፣ በቃ። (ኋላ ባዘር (ድምፅ ማሰሚያ) ጨምረሽ ቶን የሚለውን ትእዛዝ ስትጠቀሚ ደግሞ ፒን 3 እና 11 ላይ ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሻል፣ ከአሁኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።) የኪት መመሪያ ይህን የማይነግርሽ እያንዳንዱ ትምህርት ቦርዱን ብቻውን ስለሚይዘው ነው። ታይመር የሚሻማው ሰው አልነበረም።

በተኑ ላይ ነው ወሬው። ኮድሽን ባላየውም ዲሌይ (የመጠበቂያ ትእዛዝ) እንደሞላበት አውቃለሁ። የሰርቮው ትምህርት ላይ አንድ ዲግሪ ዞሮ 15 ሚሊሰከንድ የሚጠብቅ ዙር አለ። 90 ዲግሪ ማለት 1.35 ሰከንድ ነው። ከዚያ ክዳኑ ክፍት እንዲቆይ ዲሌይ 3000 ብለሻል መሰለኝ። ለመዝጋት ሌላ 1.35። በድምሩ ስድስት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቺፑ በተን አያይም፣ ርቀት አይለካም፣ ቆሞ ይቆጥራል። በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት ያለው ቺፕ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ እንዲቆም አዘሽዋል።

መድኃኒቱ ሚሊስ ነው። ሚሊስ ቦርዱ ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ይነግርሻል እንጂ አይጠብቅም። አሁን «3 ሰከንድ ጠብቅ» የሚለውን ታወጪና የተከፈተበትን ጊዜ ትመዘግቢያለሽ። ሉፑ (ተደጋግሞ የሚሰራው የኮዱ ክፍል) በዞረ ቁጥር «አሁን ሲቀነስ የተከፈተበት ጊዜ 3000 ሞላ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ካልሞላ ታልፊዋለሽ፣ በተኑን ታያለሽ፣ ርቀቱን ትለኪያለሽ፣ ተመልሰሽ ትጠይቂያለሽ። ለሰርቮውም እንደዚያው ነው፣ 15 ሚሊሰከንድ ሲሞላ አንድ ዲግሪ ትጨምሪያለሽ።

ኮድ ከመንካትሽ በፊት ግን ወረቀት አውጪ። አራት ክብ ሳዪ፦ ዝግ፣ በመከፈት ላይ፣ ክፍት፣ በመዘጋት ላይ። ከየትኛው ወደ የትኛው፣ በምን ምክንያት እንደሚኬድ ቀስት አድርጊ። እጅ ሲመጣ፣ 3 ሰከንድ ሲሞላ፣ በተን ሲነካ። «በመዘጋት ላይ እያለ እጅ ቢመጣስ?» የሚለው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ራሱ ይመጣብሻል። ኮድ ላይ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ጣትሽ ላይ ሲያርፍ ነበር የምታስታውሽው።

አንዲት ወጥመድ አለች። ጊዜውን ኢንት በሚባለው የቁጥር ዓይነት ውስጥ አታስቀምጪ። ኡኖ ላይ ኢንት የሚይዘው እስከ 32,767 ነው፣ 33 ሰከንድ ሳይሞላ ይገለበጣል። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሰራል፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያብዳል፣ ሰው ደግሞ ሽቦ ሲነቅልና ሲሰካ ያመሻል። አንሳይንድ ሎንግ (ትልልቅ ቁጥር የሚይዘው ዓይነት) አድርጊው። እሱም ከ49 ቀን በላይ ሲሆነው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ግን እንዳልኩሽ እየቀነስሽ ካወዳደርሽ አይጎዳሽም።


ቴስተር፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። ልሞክር።

አዲስ ቦርድ አትግዢ። ኡኖ አቅም አላነሰውም። 32 ኪሎባይት ፍላሽና 2 ኪሎባይት ራም ለክዳን መክፈቻ ይተርፋል። ኢኤስፒ32 ብትገዢ ሰርቮው እሱንም ሪሴት ያስደርገዋል፣ ዲሌይም እዚያ ሄዶ ሌላ ነገር አይሆንም። ቲዎሪም ቁጭ ብለሽ አታንብቢ፣ ቢያንስ አሁን። ስለ ትራንዚስተር ሦስት ምዕራፍ ጨርሶ አንድ ኤልኢዲ ያላበራ ሰው ስንቱን አየሁ።

የጎደለሽ መለካት ነው። ብዙ ኪት ውስጥ ሠላሳ ዓይነት ሴንሰር ይታጨቃል፣ መልቲሜትር ግን የለም። እኔ ብሆን ግማሹን ሴንሰር አውጥቼ ሜትር ነበር የምጨምርበት። ዲሲ ቮልት፣ ኦም፣ እና ሽቦ ሲገናኝ ጢጥ የሚል ድምፅ ካለው ሌላው ትርፍ ነው።

አሁኑኑ ይህን አድርጊ። ቀይ ኤልኢዲሽን በ220 ኦም በቀጥታ ከ5 ቮልት አብሪው። ከመለካትሽ በፊት ገምቺ፣ ግምትሽን ጻፊው። ቀይ ኤልኢዲ እላዩ ላይ 2 ቮልት ገደማ ያስቀራል። ከ5 ላይ ሲቀነስ ለሬዚስተሩ 3 ይደርሰዋል። 3 ለ220 ሲካፈል 0.0136 ነው፣ 14 ሚሊአምፔር ገደማ ማለት ነው። አሁን ሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊና ሁለቱን ጫፎች የሬዚስተሩ ሁለት እግሮች ላይ አስነኪ። 2.9 ካለሽ ለ220 አካፍዪው። 13 እና ትንሽ ይመጣል። አየሽ፣ ሽቦ ሳትቆርጪ ከረንት ለካሽ። የሜትሩን ቀይ ገመድ ወደ አምፔር ቀዳዳ ማዛወርም አላስፈለገሽም። ብዙ የሜትር ፊውዝ የሚቃጠለው እዚያ ረስተውት ቮልት ሊለኩ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ 220ውን በ1 ኪሎኦም ቀይሪው፣ እንደገና ገምቺ፣ እንደገና ለኪ። ሁለት ኤልኢዲ በተከታታይ አድርጊ፣ ገምቺ፣ ለኪ። ሦስት ብታደርጊ ለምን እንደሚፈዙ ወይም እንደማይበሩ ራስሽ ትነግሪናለሽ። የኡኖ አንድ ፒን ከ20 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይጠየቅ የሚባለው፣ ሞተር በቀጥታ ፒን ላይ የማይሰካው፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና ስሌት ይሆናል። ቲዎሪውን ያኔ አንብቢው፣ በጥያቄ ነው የምታነቢው።

ስለ ፕሮጀክት ደግሞ፦ የሰሩ ሁለት ትምህርቶችን አጋቢ። ሁለት ብቻ። አንቺ አራቱን በአንድ ቀን ዳርሻቸው። ሴንሰርና ሲሪያል ሞኒተር ብቻ አድርገሽ ቁጥሩ ልክ እንደሆነ እይ። ከዚያ ሰርቮውን ጨምሪ። እሱ ሲጸና ኤልኢዲውን። በመጨረሻ በተኑን። አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው አሁን የጨመርሽው ነው፣ ፍለጋ የለም።

ሽቦ ሳትነኪ ኮድ ብቻ መሞከር ስትፈልጊ ዎክዊ ወይም ቲንከርካድ ላይ በብሮውዘር መስራት ትችያለሽ። ለሚሊሱ ልምምድ አሪፍ ናቸው። ግን አትመኛቸው፣ እዚያ የሰርቮው ከረንት ቦርዱን ሪሴት ሲያደርገው አታይም።


ኢኤስፒ ወዳጅ፦

ከቴስተር ጋር በግማሹ አልስማማም። ሰው የሚጸናው የሚያጓጓውን ነገር ሲሰራ ነው። ስልኳ ላይ የሚታይ ነገር ከፈለገች ኢኤስፒ32 ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት ነው የሚመጣው፣ ኡኖ ላይ ያንን መጨመር ራስ ምታት ነው። ፒኮ ደግሞ በማይክሮፓይተን አንድ መስመር ጽፈሽ ወዲያው መልሱን ታያለሽ፣ ኮምፓይል አድርጎ እስኪጭን አትጠብቂም። ፓይተን ትንሽ ለነካ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ሁለቱም በ3.3 ቮልት ነው የሚሰሩት። ኤችሲ-ኤስአር04 5 ቮልት ይበላል፣ በኤኮ እግሩም 5 ቮልት ይመልሳል። ያንን በቀጥታ ብትሰኪው ፒኑን ልትገድዪው ትችያለሽ። ኤኮን በ1 ኪሎኦምና በ2 ኪሎኦም በኩል ወደ ግራውንድ አውርጂውና ከሁለቱ መሃል ውሰጂ፣ 5ቱ 3.3 ይሆንልሻል።


ቴስተር፦

ይኸው፣ እኔን ነው የደገፍከው። ያንን ክፍፍል ከመሰካቷ በፊት ለክታ 3.3 መሆኑን ማየት አለባት። በምን? በሜትር።


ኢኤስፒ ወዳጅ፦

እሺ ሜትር ይገዛ። ቦርዱም ይገዛ።


ብልጭታ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። «ተነሳሁ» ክዳኑ በተነቃነቀ ቁጥር ይጻፍ ነበር፣ ሞኒተሩን ሞልቶት ነው ያገኘሁት። ሰርቮውን በስልክ ቻርጀር አደረግኩት፣ ግራውንዱን አገናኘሁት፣ ሪሴቱ ጠፋ። ኤልኢዲው ፒን 6 ላይ በደንብ ይደምቃል። አራቱን ክብ ስያለሁ፣ አሁን ኮዴ ውስጥ ዲሌይ የሚባል የለም።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። በተኑን አንዴ ስጫነው አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እንደተጫንኩ ይቆጥረዋል፣ ክፍት ይሁን ያልኩት ወዲያው ይዘጋል። ሁለተኛው ይገርማል፦ ማንም ሳይጠጋው ክዳኑ ብድግ ይላል። ክፍሉ ባዶ ነው! ሴንሰሩ ወደ ክፍሉ መሃል ሲያይ ይብስበታል፣ ወደ ቅርብ ግድግዳ ሳዞረው ይተወዋል። ሉፑ እንዳይቆምብኝ ብዬ ፐልስኢን (የሴንሰሩን መልስ ጊዜ የሚለካው ትእዛዝ) ላይ 25,000 የሚል ገደብ ጨምሬያለሁ፣ እሱ ያመጣው ይሆን?


ፒን 13፦

ገደቡ ጥፋት የለበትም፣ መልሱን ያነበብሽበት መንገድ ነው። ፐልስኢን በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ሳይጨርስ ሲቀር 0 ይመልሳል። ያንቺ 25,000 ማይክሮሰከንድ ወደ 4.3 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመልስ ነገር ከሌለ መልሱ 0 ነው። 0 ለ58 ሲካፈል 0 ሴንቲሜትር። ኮድሽ «ከ15 ሴንቲሜትር ካነሰ ክፈት» ይላል አይደል? 0 ከ15 ያንሳል። ሴንሰሩ «ምንም አልሰማሁም» ሲልሽ «አፍንጫዬ ስር ነው» አለ ብለሽ ትከፍቺለታለሽ። ግድግዳ ሲያይ የሚተወው ድምፁ ስለሚመለስለት ነው።

«ከ2 በላይ እና ከ15 በታች» በዪው። ሴንሰሩ ራሱ ከ2 ሴንቲሜትር በታች አይታመንም። ገደቡን አታንሺው፣ ፐልስኢን ያለ ገደብ እስከ 1 ሰከንድ ሊያስቆምሽ ይችላል። በሁለት ልኬቶች መካከል ደግሞ 60 ሚሊሰከንድ አሳልፊ (በሚሊስ!)፣ የፊተኛው ድምፅ ማሚቶ ከኋለኛው ጋር እንዳይደባለቅ። ሦስት ልኬት በተከታታይ «ቅርብ ነው» ካላሉ አትክፈቺ። ይህን ብታደርጊ ባዶ ክፍል ውስጥ አይነሳም።

58ቱ ከየት እንደመጣ ካልነገሩሽ፦ ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ አንድ ሴንቲሜትር ለመሄድ 29 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሄዶ መመለስ ስላለበት 58።


ዜሮ ቮልት፦

የበተኑ ነገር የታወቀ ነው። በተን ውስጥ ብረት ብረትን ሲነካ አንዴ አርፎ አይቀመጥም፣ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነካካል፣ ይላቀቃል። ሰው አይሰማውም፣ ቺፑ ግን እያንዳንዷን ይቆጥራል። ለውጥ አይተሽ ከተቀበልሽ በኋላ ለ30 ሚሊሰከንድ ሌላ ለውጥ አትቀበዪ። ቀድሞም ሚሊስ ላይ ስለሆንሽ ሁለት መስመር ነው።

እግረ መንገዴን፣ በተኑን እንዴት ነው የሰካሽው? ከ5 ቮልት ወደ ፒን 2 ብቻ ከሆነ ሳትጫኚው ፒኑ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። አንዱን ጎን ፒን 2፣ ሌላውን ግራውንድ አድርጊና ፒኑን ኢንፑት ፑልአፕ ብለሽ አስተዋውቂው። የቺፑ የውስጥ ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። ንባቡ ግን ይገለበጣል፦ ሳትጫኚ ሃይ፣ ስትጫኚ ሎው። ባለ አራት እግር በተን ከሆነ ሁለት ሁለቱ እግሮች ከውስጥ ቀድሞም የተገናኙ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ካላወቅሽ በሰያፍ ያሉትን ሁለት እግሮች ያዢ፣ አትሳሳቺም።


ብልጭታ፦

10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ ነበረው፣ እንደ መመሪያው። አሁን ፑልአፕ አድርጌዋለሁ፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ሽቦ ተረፈኝ። 30 ሚሊሰከንዷም ሰርታለች። 0 ርቀቱ ደግሞ ልክ እንዳልከው ነው፣ ሲሪያሉ ላይ ሳወጣው በሌሎቹ ቁጥሮች መሃል 0 ጣል ጣል ይል ነበር፣ ግድግዳ ሲያይ ግን አንድም 0 የለም። ሜትርም አዝዣለሁ ቴስተር።

አሁን ክዳኑ ሲጠጉት ይከፈታል፣ 3 ሰከንድ ቆይቶ ይዘጋል። የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። ከብሬድቦርድ አውጥቼ ልበይደው እፈልጋለሁ፣ ኡኖውን ራሱን ልበይደው? እና ክዳኑ ተዘግቶ እያለ ሰርቮው ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ሊበላሽ ነው?


ቴስተር፦

ኡኖውን አትበይጂው፣ ለሌላ ስራ ትፈልጊዋለሽ። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ የፒን ሄደር (የተደረደሩ የብረት እግሮች) በይጂና ኡኖው ላይ ጫኚው፣ ስትፈልጊ ትነቅዪዋለሽ። ፒን 7 እና 8 መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ስለሚለይ አስቀድመሽ ለኪው፣ ቀዳዳዎቹ እዚያ ላይ አይገጥሙም። ለመጀመሪያ ቀን የተረፈ ሽቦ ላይ ተለማመጂ። ስታኞውን ካውያው ጫፍ ላይ አቅልጠሽ አትቀቢ። ካውያውን ለእግሩና ለመዳቡ አንድ ላይ አስነኪ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቂ፣ ስታኞውን በሌላ በኩል ወደ እግሩ ስጪው። ራሱ ፈሶ ይዞረዋል። ኳስ ከሰራ አልያዘም። መስኮት ክፈቺ፣ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ፣ ብዙ ስታኞ እርሳስ አለበት።

ድምፁ አያሳስብሽ። ሰርቮው የታዘዘበት ማዕዘን ላይ ለመቆየት እየታገለ ነው፣ ምናልባት ክዳኑ ካርቶኑን ሲነካ አንድ ሁለት ዲግሪ ይቀረዋል። መዝጊያ ማዕዘንሽን ከ0 ወደ 5 ወይም 8 ከፍ አድርጊና እይ። ካልተወ ክዳኑ ከተዘጋ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ዲታች አድርጊው (በኮድ ከፒኑ አላቂው)፣ ልትከፍቺ ስትይ አታች (መልሰሽ አገናኚው)። ክዳኑ በራሱ ክብደት ተዘግቶ ስለሚቆይ ሰርቮው እንዲይዘው አያስፈልግም።